«እስከ መቼ?» በዕብራይስጥ ግጥም ውስጥ ስላለው ሙሾና ስለ ንጹሕ ሰው መከራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለቅሶ ቤት ስንገባ ሁላችንም የምንላት ነገር አለች። «እግዜር ያጥናህ፤ የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ።» እኔም ስንት ጊዜ ብያታለሁ። አንድ ወዳጄ ልጁን በቀበረ በሦስተኛው ቀን ይህንኑ ስለው ቀና ብሎ አየኝና «ኢዮብ እኮ ዝም አላለም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ከፈትኩ። እውነቱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ የጥንት የለቅሶ ግጥሞች ያነበብኩትን ለሰው ሳካፍል ኖሬያለሁ። ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ኢዮብ የትዕግሥት ምሳሌ አይደለም እንዴ?

ነው፤ ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ምዕራፎች። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ አለው። መግቢያውና መዝጊያው በተራ ትረካ የተጻፈ ነው። ከምዕራፍ 3 እስከ ምዕራፍ 42 ቁጥር 6 ያለው ደግሞ፣ ተናጋሪዎቹን ከሚያስተዋውቁ ጥቂት መስመሮች በቀር፣ ግጥም ነው። በትረካው ውስጥ ኢዮብ ከብቱን፣ 10 ልጆቹን፣ በመጨረሻም ጤናውን ያጣል። እንደዚያም ሆኖ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ብሎ ይባርካል። የያዕቆብ መልእክት የሚያመሰግነውና እኛም በለቅሶ ቤት የምንጠቅሰው ይህን ኢዮብ ነው።

ግጥሙ ሲጀምር ግን ሌላ ሰው የተናገረ ይመስላል። ከ7 ቀን ዝምታ በኋላ አፉን ከፍቶ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ኦሪት ዘፍጥረት «ብርሃን ይሁን» ብሎ ይጀምራል፤ በዕብራይስጡ «የሂ ኦር»። ኢዮብ ስለዚያች ቀን «የሂ ሖሼኽ» ይላል፤ ጨለማ ይሁን። ፍጥረትን ወደ ኋላ መመለስ ነው የፈለገው።

መዝሙር 8 «ሰው ምንድን ነው፣ ታስበው ዘንድ?» እያለ ይደነቃል። ኢዮብ በምዕራፍ 7 ያንኑ ጥያቄ ይወስድና ይገለብጠዋል። ሰው ምን ስለሆነ ነው በየማለዳው የምትጎበኘው? ምራቄን እስክውጥ ድረስ እንኳ ፋታ አትሰጠኝም? ያው ቃል ነው። እዚያ ምስጋና ነበር፤ እዚህ የሚከታተለውን ዓይን ማማረር ሆነ። በምዕራፍ 16 ደግሞ «ምድር ሆይ፣ ደሜን አትክደኝ» ይላል። የአቤልን ደም የሚያስታውስ ሰው ይህ ጩኸት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እግዚአብሔርን እንዲህ መናገር ኃጢአት አይደለም ወይ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ በሐዘን ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በጥንቃቄ ልመልስ።

በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ፣ በምዕራፍ 42 ቁጥር 7፣ እግዚአብሔር ከኢዮብ ሦስት ወዳጆች አንዱ ለሆነው ለኤልፋዝ ይናገራል። አንተና ሁለቱ ባልንጀሮችህ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይለዋል። ሲጮኽ፣ ሲከራከር፣ «ንጹሑንም ኃጢአተኛውንም አንድ ላይ ያጠፋል» ሲል የነበረው ኢዮብ ነው። እግዚአብሔርን ለመከላከል የቆሙት ደግሞ ወዳጆቹ ነበሩ። ፍርዱ የወጣው ለጯኺው ነው።

መዝሙረ ዳዊትንም እዩ። ከ150ዎቹ መዝሙሮች ሲሶ ያህሉ የለቅሶና የአቤቱታ ናቸው። መዝሙር 44 ሕዝቡ ኪዳኑን እንዳላፈረሰ ይናገርና «ንቃ፤ አቤቱ፣ ስለ ምን ትተኛለህ?» ይላል። ይህን የሚዘምሩት የቆሬ ልጆች፣ የመቅደሱ መዘምራን ናቸው። የአይሁድ ሊቃውንት እንደሚተርኩት ሌዋውያን ይህን «ንቃ» የሚለውን ቃል በየዕለቱ ይጮኹት ነበር፤ ዮሐናን የተባለ ሊቀ ካህናት ነው ያስቀረው። እግዚአብሔር ይተኛል ወይ የሚል ቅሬታ ቢነሣበት አይገርምም። መዝሙሩን ግን ከመጽሐፉ ማንም አላወጣውም።

እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ሐሜት ከጀርባ ነው፤ አቤቱታ ግን ፊት ለፊት ነው። በአማርኛ «አቤቱ» እያልን የምንጸልይበት ቃልና «አቤቱታ» ጎረቤታሞች ናቸው። የዕብራይስጥ ለቅሶዎች ስለ እግዚአብሔር ከሌላ ሰው ጋር አያወሩም፤ ወደ ራሱ ይጮኻሉ። ተስፋ የቆረጠ ሰው እኮ በር አያንኳኳም።

የለቅሶ መዝሙር አሠራር አለው?

አለው። አጭሩና ግልጹ መዝሙር 13 ነው። አራት ጊዜ «አድ አና» እያለ ይጀምራል፤ እስከ መቼ? እስከ መቼ ትረሳኛለህ? እስከ መቼ ፊትህን ትሰውርብኛለህ? እስከ መቼ ሐሳብ በነፍሴ አኖራለሁ? እስከ መቼ ጠላቴ ይበረታብኛል? ቀጥሎ ልመናው ይመጣል፦ ተመልከተኝ፣ መልስልኝ፣ የሞት እንቅልፍ እንዳልተኛ ዓይኖቼን አብራልኝ። ከዚያ ድንገት «እኔ ግን በምሕረትህ ታመንሁ» ብሎ ይዘምራል።

መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? ጀርመናዊው ዮአኪም ቤግሪኽ በ1934 ያቀረበው ግምት አለ። በለቅሶውና በምስጋናው መካከል ካህን ተነሥቶ «አትፍራ፣ ተሰምተሃል» የሚል ቃል ይናገር ነበር፤ ቃሉ በመዝሙሩ ውስጥ አልተጻፈም፤ የምናየው ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ብቻ ነው ይላል። የሳሙኤል እናት የሐና ታሪክ ይህን ይመስላል። ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ይቆጣታል። ኋላ ግን «በደኅና ሂጂ» ሲላት ፊቷ ተለወጠ። ልጁ ገና አልተፀነሰም። ከእሷ ጋር የነበረው የተነገራት ቃል ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ግን ለሁሉም አይሠራም። መዝሙር 88 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው። ምስጋና የለውም፤ «እኔ ግን ታመንሁ» የሚል የለውም። በዕብራይስጡ የሚያልቅበት ቃል «ማሕሻኽ» ነው፤ ጨለማ። ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ፤ የቀረኝ የማውቀው ጨለማ ነው እንደ ማለት ነው። ይህን መዝሙር ሰብስበው በመጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጡትን ሰዎች ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። አንዳንድ ሌሊት የሚጸለየው ይሄ ብቻ ነውና።

የመዝሙሩ ቁጥር በእኔ መጽሐፍ ለምን ይለያል?

የግዕዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። ግሪኩ በዕብራይስጡ 9 እና 10 የሆኑትን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ በአንድ ይቀንሳሉ። እዚህ 13 ያልኩት እናንተ ዘንድ 12 ሊሆን ይችላል፣ 88ም 87። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ፣ ከ148 እስከ 150፣ በሁለቱም አንድ ናቸው። በዚህ ገጽ የተጠቀምኩት የዕብራይስጡን ቁጥር ነው።

ትርጉሙ ቁጥር ብቻ አይደለም የሚለውጠው። መዝሙር 22 በዕብራይስጡ «ኤሊ ኤሊ ላማ አዛቭታኒ» ይላል፤ አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ። ግዕዙ ግን «አምላኪየ አምላኪየ ነጽረኒ ወለምንት ኀደገኒ» ነው። «ነጽረኒ»፣ ተመልከተኝ የሚለው ከግሪኩ የመጣ ነው። ዳዊት እየደገሙ ያደጉ ሰዎች ይህን መዝሙር ያለ «ነጽረኒ» መስማት ይከብዳቸዋል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ዕብራይስጡ ግጥም መሆኑ በምን ይታወቃል? ቤት ይመታል?

እንደኛ ግጥም በድምፅ ቤት አይመታም። ቤት የሚመታው ሐሳቡ ነው ብል ይቀላል። ኢዮብ «በማኅፀን ሳለሁ ለምን አልሞትሁም?» ይላል፤ ወዲያው «ከሆድ በወጣሁ ጊዜ ለምን አልጠፋሁም?» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን ይዞ ትንሽ ይገፋዋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ላውዝ በ1753 ባሳተመው ትምህርት ይህን አሠራር በሰፊው አብራርቶ አሳይቷል።

ለሙሾ ደግሞ የራሱ ምት አለው። ሙሾውን «ቂና» ይሉታል። በ1882 ካርል ቡደ የተባለ ምሁር እንዳስተዋለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ሦስት ምት፣ ሁለተኛው ሁለት ምት አለው። አንደኛው እግር ረጅም፣ ሌላው አጭር፤ መስመሩ ያነክሳል። ወይም ሰው እያለቀሰ ሲናገር ትንፋሹ መሃል ላይ እንደሚያጥረው ነው። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 5 በዚሁ ምት «ወደቀች፣ ዳግመኛም አትነሣም፣ የእስራኤል ድንግል» እያለ ያለቅሳል። ሕዝቡ ግን ገና በሕይወት ነበር፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይነግዳል። በቁሙ ሙሾ ሲወርድለት የሰማ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ሌላም አለ። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ የሚወደው ነገር። የኢዮብ ስም በዕብራይስጥ «ኢዮቭ» ነው። ጠላት ደግሞ «ኦዬቭ»። በምዕራፍ 13 ኢዮብ «ለምን እንደ ጠላት ትቈጥረኛለህ?» ሲል የራሱን ስም እያስተጋባ ነው። ፊደሎቹን ብታቀያይራቸው ኢዮብ ጠላት ይሆናል።

እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 15 ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ቃል አለች፣ «ሎ»። በአንድ አጻጻፍ «አይደለም» ማለት ናት፤ በሌላው «ለእርሱ» ማለት። ድምፁ አንድ ነው። የተጻፈው «ይገድለኛል፤ ተስፋ የለኝም» ይላል። እንዲነበብ የተወሰነው ግን «ቢገድለኝም ተስፋዬ በእርሱ ነው» የሚለው ነው። ጸሐፍቱ አንዱን ጥለው ሌላውን አላስቀሩም፤ ሁለቱንም ጠብቀው አስተላልፈውልናል። ተስፋ መቁረጥና ተስፋ ማድረግ በአንዲት ቃል ውስጥ ተኝተዋል።

ሰቆቃወ ኤርምያስን የጻፈው ኤርምያስ ነው? ለምንስ በፊደል ተራ ተደረደረ?

በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ የጸሐፊ ስም የለም። አርእስቱ እንኳ የመጀመሪያዋ ቃል ናት፣ «ኤኻ»፤ እንዴት! ኤርምያስ ተቀምጦ እንዳለቀሰ የሚናገረው መግቢያ ያለው በግሪኩ ትርጉም ነው። መጽሐፈ ዜና መዋዕልም ኤርምያስ ለንጉሥ ኢዮስያስ ሙሾ እንዳወጣ ይነግረናል። ስለዚህ ስሙ ከሙሾ ጋር መያያዙ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብዙ ምሁራን ግን ከአንድ በላይ ድምፅ ይሰማሉ። በሙያ የሚያለቅሱ ሴቶችም በዚያ ዘመን ነበሩ። ኤርምያስ ራሱ በምዕራፍ 9 «አልቃሾችን ጥሩ» ይላል። ከእነዚህ ሴቶች ቃል አንዳች ነገር እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አልቀረም ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ጉዳዩ የኢየሩሳሌም ጥፋት ነው። በ586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከተማይቱን ከብቦ፣ አስርቦ፣ መቅደሱን አቃጠለ።

አሁን ወደ ፊደሉ። መጽሐፉ 5 ምዕራፍ ነው። የዕብራይስጥ ፊደል 22 ነው። ምዕራፍ 1፣ 2 እና 4 እያንዳንዳቸው 22 ቁጥር አላቸው፤ እያንዳንዱ ቁጥር በተራው ፊደል ይጀምራል። ምዕራፍ 3 እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ እየደጋገመ 66 ይደርሳል። ዳዊት የደገመ ሰው አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉትን ስሞች ከመዝሙር 119 (በግዕዙ 118) ያውቃቸዋል፤ ያው ጥበብ ነው።

ለምን ቢባል ብዙ መልስ ተሰጥቷል። ለማስታወስ እንዲመች ነው ይላሉ። ሐዘኑን ከሀ እስከ ፐ ሙሉ ለሙሉ ለመናገር ነው የሚሉም አሉ። እኔ የሚጠጋኝ ሌላ ነው። ሁሉም ነገር በፈረሰበት ቀን ፊደል አልፈረሰም። ገጣሚው የሚይዘው ነገር ሲያጣ ልጅ ሆኖ የተማረውን ገበታ ያዘ። ቀጣዩ ፊደል ቀጣዩን መስመር እንዲናገር ያስገድደዋል።

ምዕራፍ 5 ደግሞ 22 ቁጥር አለው፤ ግን በፊደል ተራ አይሄድም። ቁጥሩ ቀረ፣ ሥርዓቱ ጠፋ። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አቅም ያለቀበት ሰው ይታየኛል።

በምዕራፍ 1 ከተማይቱ መበለት ሆና ብቻዋን ተቀምጣለች። አምስት ጊዜ «የሚያጽናናት የለም» ይባላል። በመጽሐፉ ውስጥ ከተማይቱ ትናገራለች፣ ተራኪው ይናገራል፣ «መከራ ያየሁ ሰው እኔ ነኝ» የሚለው ሰውዬ ይናገራል። እግዚአብሔር ግን በመጽሐፉ ሁሉ አንድ ቃል አይመልስም። ምሕረቱ በየማለዳው አዲስ ነው የሚለው የምናውቀው ቃል በመሃሉ፣ በምዕራፍ 3 አለ። መጨረሻው ላይ ግን አይደለም። መጨረሻው «ፈጽመህ ጥለኸናልን?» ዓይነት ቃል ነው። ይህ ስለሚከብድ በምኩራብ ሲነበብ ከእሱ በፊት ያለውን «አቤቱ፣ ወደ አንተ መልሰን» የሚለውን ደግመው ያበቃሉ።

ኢየሩሳሌም ግን ኃጢአት ሠርታለች ይባላል። ታዲያ ንጹሑ ማን ነው?

ልክ ነው፤ ሰቆቃው ራሱ «በድለናል» ይላል። ይህን ሳይደብቅ ነው ዓይኑን ወደ ሕፃናቱ የሚመልሰው። በምዕራፍ 2 ልጆች በአደባባይ እየዛሉ እናታቸውን «እህልና ወይን ወዴት ነው?» ይላሉ፤ በእናታቸው እቅፍ ነፍሳቸው ትወጣለች። በምዕራፍ 4 የሚጠባ ልጅ ምላሱ ከጥም የተነሣ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል። እነዚህን በዝርዝር የሚያሳየን ገጣሚ፣ ጥፋታችሁ ነው የሚለው መልስ ለሁሉም እንደማይበቃ ያውቃል። «አባቶቻችን በደሉ፣ እነርሱም የሉም፤ እኛ በደላቸውን ተሸከምን» የሚለውም እዚያው በምዕራፍ 5 አለ።

መዝሙር 44 ከዚህ ይለያል። እዚያ ሕዝቡ በግልጽ «ይህ ሁሉ ደረሰብን፤ አልረሳንህም» ይላል። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስ መከራን ሁሉ የኃጢአት ደመወዝ ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ይህን መዝሙር ያነበቡት አይመስለኝም።

የኢዮብ ወዳጆች ጥፋታቸው ምንድን ነው? እነሱስ እግዚአብሔርን አልተናገሩለትም?

መጀመሪያ ያደረጉትን መልካም ነገር ላንሣ። ከሩቅ ሲያዩት አላወቁትም። ልብሳቸውን ቀደዱ፣ አለቀሱ፣ ከእሱ ጋር መሬት ላይ 7 ቀንና 7 ሌሊት ተቀመጡ። አንድም ቃል አልተናገሩም። የአይሁድ ሊቃውንት ከዚህ ሥርዓት አወጡ፦ ለቅሶ የሄደ ሰው ሐዘንተኛው አፉን እስኪከፍት መናገር የለበትም።

ጥፋቱ የመጣው ሲናገሩ ነው። ኤልፋዝ «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ብሎ በጨዋ ወግ ጀመረ። በልዳዶስ ባሰ። ልጆችህ በድለው ይሆናል፣ ለበደላቸው አሳልፎ ሰጣቸው አለው። 10 ልጅ ለቀበረ አባት! ሶፋር ደግሞ ከሚገባህ ያነሰ ነው የቀጣህ አለው። በመጨረሻ፣ በምዕራፍ 22፣ ኤልፋዝ ያላየውን ኃጢአት ፈጠረ። ለተራበ እንጀራ ከልክለሃል፣ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰደሃል አለ። ትምህርታቸው እንዳይፈርስ ሰውየውን አፈረሱት።

ኢዮብ በምዕራፍ 13 «ለእግዚአብሔር ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁን?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ይህን ጥያቄ ስብከት ለማዘጋጀት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል። ዛሬም በየድንኳኑ ጥግ «ምን አድርጎ ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ አለ። በሽታ ያደቀቀው ሰው አጠገብ ቁጭ ብለን ንስሐ እንዲገባ የምንመክረው ስንቶቻችን ነን? እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

እግዚአብሔር በመጨረሻ ለኢዮብ መለሰለት?

ተናገረው። ከምዕራፍ 38 እስከ 41 በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ያናግረዋል። ስለ ልጆቹ ግን አንድ ቃል የለም። በመጽሐፉ መግቢያ በሰማይ ስለተደረገው ክርክር፣ ኢዮብን ስለከሰሰው ስለ ሰይጣንም የለም። ይልቅ ምድርን ስመሠርት የት ነበርህ ይለዋል፤ ስለ በረዶ፣ ስለ አንበሳ፣ ስለ ሰጎን ይነግረዋል። ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ስለሚዘንበው ዝናብ ይጠይቀዋል።

አንዳንዱ አንባቢ ይህን ሲያነብ ይናደዳል። ልቡ ለተሰበረ ሰው የሰጎን ታሪክ ምን ያደርግለታል? ቁጣው ይገባኛል። እኔ ግን ሁለት ነገር አስተውላለሁ። አንደኛ፣ ኢዮብን አልከሰሰውም፤ ወዳጆቹ ከደረደሩት ኃጢአት አንዱን እንኳ አላነሣም። ሁለተኛ፣ መጣ። ኢዮብ ሲለምን የኖረው ማብራሪያ ብቻ አልነበረም፤ ፊት ለፊት መቆም ነበር።

የኢዮብ የመጨረሻ ቃል፣ ምዕራፍ 42 ቁጥር 6፣ ለመተርጎም አስቸጋሪ ነው። «ኒሐምቲ» የሚለው ቃል «ተጸጸትሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ተጽናናሁ» ወይም «ሐሳቤን ለወጥሁ» ሊሆንም ይችላል። ሰቆቃወ ኤርምያስ ውስጥ «የሚያጽናናት የለም» ሲባል ያለው ሥር ይኸው ነው።

ከዚያ ከብቱ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፤ 7,000 የነበረው በግ 14,000 ይሆናል። ልጆች ግን እጥፍ አልሆኑም፤ እንደ ቀድሞው 10 ናቸው። የሞተ ልጅ በሌላ ልጅ አይተካም። ስለዚህም ይመስለኛል ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ ዘመዶቹም ሁሉ መጥተው በቤቱ ከእሱ ጋር እንጀራ የበሉትና ያጽናኑት። እግዚአብሔር ከተናገረውም በኋላ ኢዮብ ለቅሶ ደራሽ አስፈልጎታል።

ኢሳይያስ 53 ላይ ያለው መከረኛ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ሲጠይቅ የምናነበው የእኛን ስም የያዘ ሰው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ፣ ኢትዮጵያዊው ሹም፣ በሠረገላው ተቀምጦ «እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ» የሚለውን ክፍል ያነብባል። ፊልጶስን «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ወይስ ስለ ሌላ?» አለው። የታሪክ ሰዎች ሕንደኬን በዛሬው ሱዳን ካለችው ከመርዌ ጋር ያያይዟታል። ጥያቄው ግን በቤተ ክርስቲያናችን ትውስታ የእኛ ሆኖ ኖሯል።

ፊልጶስ ከዚያ ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው፤ የክርስቲያኖች ንባብ ይህ ነው። እንደ ራሺ ያሉ የአይሁድ ተርጓሚዎች ደግሞ መከረኛው አገልጋይ በአሕዛብ መካከል የሚሠቃየው ሕዝበ እስራኤል ነው ብለው ያነብባሉ። በግጥሙ ውስጥ የሚናገሩት «እኛ» የሚሉ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ እግዚአብሔር የቀጣው መስሏቸው ነበር፤ ልክ እንደ ኢዮብ ወዳጆች። በኋላ እንደ ተሳሳቱ ያምናሉ። ኤልፋዝ ሲጸጸት ቢገጥም ይህን ይመስላል።

የእርግማን መዝሙሮችን ምን እናድርጋቸው?

መዝሙር 137 «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠን አለቀስን» ብሎ ይጀምራል። ሲጨርስ ግን የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ የሚፈጠፍጥ የተመሰገነ ነው ይላል። ብዙ ቦታ ሲዘመር ይህ ቁጥር ይዘለላል። ልጆቹ ሲታረዱ ያየ ሰው ጩኸት ነው፤ ትእዛዝ አይደለም፤ ለበቀል ፈቃድም አይደለም። ቁጣውን ወደ እግዚአብሔር ወስዶ ጣለው፤ ሰይፍ አላነሣም። ይህን አውቄም ስደርስበት ድምፄ ይቀንሳል።

ከእስራኤል በፊት እንዲህ የሚያለቅስ ነበር?

ነበር። ሱመሮች በ2000 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ስለ ዑር ከተማ ጥፋት ረጅም ሙሾ ትተዋል። እዚያም የከተማይቱ እመቤት የሆነች ሴት አምላክ ስለ ቤቷ ታለቅሳለች። በባቢሎንም ስለ መከራ የሚከራከሩ ሁለት ወዳጆች ግጥም አለ፤ እሱም የስንኞቹን መነሻ ይዞ በሥርዓት የተደረደረ ነው። የዕብራውያኑ ገጣሚዎች ከዚህ ዓለም ተምረዋል። አንድ አምላክ ብቻ ሲኖር ግን ክርክሩ ይከብዳል። ጥፋቱን የምታላክክበት ሌላ አምላክ የለህም።

እነዚህ ግጥሞች ዛሬ መቼ ይነበባሉ?

አይሁድ የመቅደሱን መፍረስ እያሰቡ በአብ ወር በዘጠነኛው ቀን ይጾማሉ። ማታ በምኩራብ መብራት ቀንሰው መሬት ላይ ወይም ዝቅ ባለ መቀመጫ ተቀምጠው «ኤኻ»ን በለቅሶ ዜማ ይሰማሉ። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንም ከእነሱ ጋር ናቸው። በዚያ ቀን ደስ የሚያሰኝ ትምህርት አይማሩም፤ ኢዮብ ግን ይፈቀዳል። ከጾሙ ቀጥሎ በሚመጣው ሰንበት «ናሐሙ ናሐሙ አሚ» ይነበባል፤ ሕዝቤን አጽናኑ፣ አጽናኑ፤ ኢሳይያስ 40። አምስት ጊዜ «አጽናኝ የለም» ላለችው ከተማ የተሰጠ መልስ ይመስላል።

በእኛም ዘንድ በሰሙነ ሕማማት ሰቆቃወ ኤርምያስ ይነበባል፤ በስቅለት ዕለት መዝሙር 22 ይሰማል። «ሰቆቃው» የሚለው ቃል ራሱ በጽጌ ማኅሌት ከሚዜመው ሰቆቃወ ድንግል ጋር ያገናኘዋል። በየገጠሩም አልቃሽ ቆማ ሙሾ ስታወጣ ሞትን ራሱን «ምነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰምተናል። ማንም ተነሥቶ ዝም በይ አይላትም። እሷ ስታወጣ ሌላው ይቀበላል፤ አንጀቱ ያረረ ያለቅሳል።

ከየት ልጀምር?

ሐዘን ላይ ካላችሁ በመዝሙር 13 ጀምሩ፤ 6 ቁጥር ብቻ ነው። ምስጋናው ጋ ስትደርሱ አፋችሁ እንቢ ካለ ወደ 88 ሂዱ። ኢዮብን ማንበብ ስትፈልጉ ምዕራፍ 3ን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ለዓይን አልተሠራም።

ለቅሶ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉን ቤት ተዉት። ያ ወዳጄ አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ደወለልኝና «ያንን ጨለማ ላይ የሚያልቀውን መዝሙር አንብብልኝ» አለኝ። በስልክ አነበብኩለት። ስጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን። ቆይቶ «ድገመው» አለኝ።